በባተርሲ ኩሬ ላይ የተደረገ የባሕር ውጊያ

ያን ጊዜ የምኖረው ለንደን፣ ባተርሲ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ካለው ቤቱ ፎቅ ላይ አንዲት ትንሽ ክፍል አከራይቶኛል። አገር ቤት ደርግ ነው። ለትምህርት ብዬ መጥቼ፣ ትምህርቱም ተቋርጦ መመለሱም የማይታሰብ ሆኖ፣ ፓርክ ሮያል ውስጥ ባለ አንድ የሳንድዊች ፋብሪካ የተቀቀለ እንቁላል ከማዮኔዝ ጋር ስለውስ እውላለሁ። እናቴ በስልክ "ምን እየሠራሽ ነው?" ስትለኝ "ምግብ ነክ ጉዳይ" እላታለሁ፤ እሷም ለጎረቤት "ልጄ የምግብ ሳይንስ ያዘች" ብላ ታስወራለች።

አከራዬ ቤቱን ቤት ብሎት አያውቅም። "መርከቧ" ነው የሚላት። ወደ ክፍሌ ስወጣ "ወደ ላይኛው ወለል ልትወጪ ነው?" ይለኛል። ቁርስ ሲደርስ የናስ ደወል ይደውላል። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ ግን ከፊቱ ቆሜ ሻይ እየቀዳሁ እንኳ ደወሉን ሳይደውል ቁርስ ተጀምሮ አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የኮሪደሩን ወለል በብሩሽ እንፈትጋለን፤ እሱ ከበሩ በኩል፣ እኔ ከደረጃው በኩል ጀምረን መሐል ላይ ስንገናኝ ቀጥ ብሎ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጠኛል። እኔም በእርጥብ እጄ እመልስለታለሁ። እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው በልቤ "አንተ" ነበር የምለው። የአባቴን እኩያ እንዲህ ማለት መጀመሪያ ላይ ምላሴን ቢጎረብጠኝም ኋላ ለመድሁት፤ እንዲያውም ጣመኝ።

ወጣት ሳለ ኤደን ወደብ ነበር። ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የጥበቃ መርከቦች በአንዷ ላይ፣ ትንባሆና ጨው በድብቅ የሚያሻግሩ ጀልባዎችን ሲያሳድድ ኖሯል። መርከቧ ትንሽ፣ ነጭ፣ ወገቧ ሰፊ፣ "ከባሕር ይልቅ ለሠርግ የምትመች" ነበረች አሉ። ትልቁ ጦርነት ሲነሣ ግን ትእዛዝ መጣ። ነጯን መርከብ ግራጫ ቀቧት፤ ከመጋዘን ያረጀ መድፍ አውጥተው ከፊቷ ላይ በቡሎን አሰሩና "ከዛሬ ጀምሮ የጦር መርከብ ነሽ" አሏት። እሱንም መድፈኛ አደረጉት። "ከዚያ በፊት የተኮስሁት ጥንቸል ላይ ብቻ ነበር" ይለኛል፤ "እሷንም ስቻታለሁ።"

የዚህ ሁሉ ቁንጮ አንድ ታሪክ አለችው። እሁድ እሁድ ሥጋና ድንች ጠብሶ ሲያበላኝ፣ የሰናፍጩን ብልቃጥ ከሩቅ ያቆማታል፤ የጨው ዕቃውን ከወዲህ ያስጠጋል። ብልቃጧ የጣሊያን መርከብ ናት፤ ጨው ዕቃው የእሱ። ከዳህላክ ደሴቶች አጠገብ፣ ነፋሱ አቧራ ነስንሶ ባሕሩን እንደ ጉም በሸፈነበት አንድ ማለዳ፣ ጥቁር ግዙፍ ነገር ከፊታቸው ድቅን አለ። ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ብልጭታ ታየ፤ ድንጋይ የሚናድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ አቧራው ሁሉን ዋጠው። ኤደን ሲመለሱ አለቃው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እዚህ ላይ ሲደርስ የሰናፍጩን ብልቃጥ በአንድ ጣቱ ገፋ ያደርጋትና ከጠረጴዛው በታች ያወርዳታል። ክዳኗ የላላ ዕለት ቀሚሴ ላይ ሰጥማለች።

ፋብሪካው ውስጥ ከእኔ አጠገብ ቆማ ዳቦ የምትቀባው ጓደኛዬ ኤርትራዊት ናት። ምጽዋ ተወልዳ አሥመራ ያደገች፣ በአማርኛ የተማረች፤ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ተሳስቼ ስናገር ሰዋስው የምታርመኝ እሷ ናት። በሱዳን አድርጋ ነው የመጣችው። ቀጥላም ከካርቱም አባቷን አስመጣች። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የምጽዋ ወደብ ሰው ነበሩ። አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ። እንግሊዝኛ ተማሩ ብትላቸው ግን እምቢ ብለዋል።

"ጣሊያን መጣ፣ ጣሊያንኛ ተማርሁ፤ ከዚያ አማርኛ ተማርሁ። አሁን ደግሞ እንግሊዝኛ? ሁሉም ከነምላሱ እየመጣ እኛ ስንቱን እንቻል?"

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጠው፣ የአውቶቡሶችን አነዳድ ይተቻሉ።

አንድ ቀን እረፍት ላይ ጓደኛዬን፣ "አባባ በጣሊያን ጊዜ ምን ነበሩ?" አልኋት።

"መርከብ ላይ ነበሩ። ኮንትሮባንድ የሚጠብቅ። ጦርነቱ ሲመጣ መድፍ አሰሩበት።"

ዳቦውን አስቀመጥሁ። ተያየን። እኔ ስለ አከራዬ ደጋግሜ ስለነገርኋት ነገሩ ወዲያው ነው የገባት። ማናችንም "ይቅር" አላልንም። እሁድ ረዥም ነው፤ ለንደን ውስጥ ደግሞ ዝናብ ሲጨመርበት ማለቂያ የለውም። ሁለት አውራ ዶሮ አንድ ጓሮ ውስጥ ቢገናኙ ምን እንደሚሆን ለማየት የማይጓጓ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

አባባ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ በላስቲክ ብርቱካን ይዘው መጡ። አከራዬም ደወሉን ደወለ። ሥጋው ቀረበ፤ ድንቹ ቀረበ፤ እኔ መሐል ተቀመጥሁ፤ አስተርጓሚ ነኛ። ወዲያው ሰናፍጩ ከዚያ፣ ጨው ዕቃው ከዚህ ቆመ።

ታሪኩን ቃል በቃል ተረጎምሁ። አባባ ድንቻቸውን በዝግታ እየቆረጡ ሰሙ። ብልቃጧ ከጠረጴዛው ሥር ከወረደች በኋላ ሹካቸውን አስቀመጡ።

"ልጄ፣ ሲመታት ንቅንቅ አለች ወይ በይልኝ።"

ጠየቅሁት። "ፈጽሞ!" አለ አከራዬ። "ኩሩ መርከብ ነበረች። እስክትሰጥም ድረስ ንቅንቅ አላለችም።"

ተረጎምሁላቸው። አባባ አፋቸውን ጠረጉ።

"እንግዲያው ንገሪው። መርከብ አይደለችም። ደሴት ናት። እኛ ከጀርባዋ ነበርን። የመርከባችንን መሪ የያዝሁት እኔ ነኝ። መድፉ ሲጮህ የወጥ ቤቱ ድስት ሁሉ ወደቀ። ካፒቴናችን ጢሙን እየተላጨ ነበር፤ መላጨቱን እንኳ አላቋረጠም። 'ማነው ድንጋይ የሚወግረው?' ነው ያለው።" ከዚያም ጣታቸውን ወደ ጠረጴዛው ሥር ቀሰሩ። "ደግሞም አልሰጠመችም። እስካሁን አለች። ወፎች ያርፉባታል።"

ጓደኛዬ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። አከራዬ ዓይኑን አፍጥጦ ይጠብቀኛል። ምን ልበል?

"የጀግንነትህን ድምፅ ከሩቅ ሰምተናል ይላሉ" አልሁት።

ፊቱ በራ። "ንገሪያቸው፤ የእነሱም ባሕረኞች ጀግኖች ነበሩ። ብቻ ሩጫ ያበዙ ነበር።"

"ምን ይላል?" አሉ አባባ።

"ደሴቲቱ ውብ ነበረች ይላል።"

"ይኼን ለማለት ነው ይኼን ያህል የለፈለፈው?"

እንዲህ እያደረግሁ ጥቂት ሄድሁበት። በእውነት እላችኋለሁ፣ እንደዚያ ቀን የመንግሥታት ድርጅት አስተርጓሚ መሆን የሚገባኝ መስሎኝ አያውቅም። ሁለቱም የተናገሩት ሌላ፣ የሰሙት ሌላ፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ሰላም ሰፍኗል። ጓደኛዬ ሳቋን ለማፈን የውኃ ብርጭቆዋ ውስጥ ገብታለች።

ያፈረሰብኝ አንድ ቃል ነው። አከራዬ የሰናፍጩን ብልቃጥ መልሶ አቁሞ ታሪኩን እንደገና ከመጀመሪያው ሊጀምር ሲል፣ አባባ ባርኔጣቸውን ወደ ጭናቸው ሳብ አድርገው ለራሳቸው "ያ ሕማር" ብለው አጉተመተሙ። አንተ አህያ ማለታቸው ነው፣ በዐረብኛ።

የአከራዬ እጅ አየር ላይ ቀረ። ጆሮው ቀላ። ከዚያ በመጥፎ ግን በጠራ ዐረብኛ፣ "ማን ነው ሕማር?" አለ።

ለካ መርከቧ ላይ የነበሩት ባሕረኞች የመንና ሶማሌ ኖረዋል፤ የወደብ ዐረብኛ፣ በተለይ ስድቡን፣ እንደ አባት ስሙ ያውቃል። ለካ ቀይ ባሕር ላይ ያደገ ሰው ሁሉ፣ ወዲህ ማዶም ወዲያ ማዶም፣ የሚሰዳደበው በዚያው ቋንቋ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለቅጽበት ተፋጠጡ። ከዚያ ግድቡ ተናደ። እኔ በእንግሊዝኛና በአማርኛ መሐል ያቆምሁት ድልድይ እንዳለ ተወስዶ ሄደ፤ አንዲት ቃል አልገባኝም። ካርቱም የኖረችው ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ የእኔ አስተርጓሚ ሆነች።

"አሁን አባባ ደሴት ናት አሉት። አሁን እሱ ውሸታም አላቸው። አሁን አባባ... ይኼን አልተረጉመውም። አሁን እሱ ስለ መድፉ... ይኼንንም አልተረጉመውም።"

አባባ ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን ደፉ። በሩ ላይ ዞር ብለው ብርቱካናቸውን አዩት፤ አምጥቶ መመለስ ነውር መሰላቸው መሰለኝ፣ ትተውት ወጡ።

በማግሥቱ ደወል አልተደወለም። በሚቀጥለውም ቀን አልተደወለም። አከራዬ ምድጃው ፊት ለፊት ቆሞ ወተቱ እስኪገነፍል ድረስ ግድግዳ ያያል። ቅዳሜ ኮሪደሩን ብቻዬን ፈተግሁት፤ መሐል ላይ ስደርስ ሰላምታ የሚሰጠኝ አጣሁ። አንድ ጠዋት ሻይ ሳቀብለው ቀና ሳይል፣

"ደሴት ልትሆን ትችላለች?" አለኝ።

"እኔ እንጃ። እኔ የማውቀው ባሕር ላንጋኖ ነው።"

"ንቅንቅ አላለችም" አለ ለራሱ። "ያኔም እኮ ገርሞኝ ነበር።"

ለጨዋታ ያመጣነው ነገር፣ ሰውየው ዕድሜ ልኩን ተደግፎት የኖረውን ምርኩዝ ነጠቀው።

ወዲያ በኩልም ነገሩ ደኅና አልነበረም። አባባ መጀመሪያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ለሚያገኙት ሰው ሁሉ "አንድ እንግሊዝ ደሴት ተኮሰ" እያሉ ሲስቁ ሰነበቱ። ከዚያ ሳቁ ቀዘቀዘ። "የሰው ቤት ገብቼ፣ እንጀራውን በልቼ ሰደብሁት" አሉ ለልጃቸው። ይቅርታ ይላሉ ብለን ስንጠብቅ ግን እሳቸው የላኩት ሌላ ነው።

"በይ ንገሪው። መድፍ መተኮስ ይችል ይሆናል። መርከብ መንዳት ግን አይችልም። ወንድ ከሆነ ውኃ ላይ ይምጣ።"

ባተርሲ ፓርክ ውስጥ ሰው ጀልባ የሚቀዝፍበት ኩሬ እንዳለ የነገርናቸው እኛ ነን። አልክድም። መልእክቱን ለአከራዬ ሳደርስለት ሻዩን አስቀመጠ፤ ተነሣ፤ ሄዶ ደወሉን እስኪበቃው ደወለው።

ፀሐይ የወጣችበት እሁድ ነበር። ውሉ ቀላል ነው፤ ኩሬው መሐል ያለችውን ደሴት ቀድሞ የዞረ አሸናፊ። አከራዬ ትከሻው፣ አባባ ወገባቸው ስለማያስቀዝፋቸው ቀዛፊዎቹ እኔና ጓደኛዬ ሆንን። ማን ከማን ይሁን? በክብሪት እንጨት ዕጣ ወጣ። እኔ ለአባባ ደረስሁ። ጓደኛዬ ለእንግሊዙ።

"ልጄ!" አሉ አባባ።

"ዕጣ ነው አባባ፣ ምን ላድርግ?"

"ዕጣውም ባንዳ ነው" አሉና ጃንጥላቸውን እንደ በትር ይዘው ጀልባዋ ኋላ ላይ ተቀመጡ።

ጀልባዎቹን የሚሰጠው ሰውዬ ቆብ ያደረገና ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ነው። "መቆም ክልክል ነው፤ መጋጨት ክልክል ነው፤ ወደ ደሴቷ መጠጋት ክልክል ነው፤ ወፎች እንቁላል ታቅፈዋል" አለን። አባባ "ምን አለ?" አሉኝ። "መልካም ጉዞ" አልኋቸው።

መቅዘፊያ ይዤ አላውቅም። ደግሞስ ቀዛፊ ጀርባውን ለሚሄድበት ሰጥቶ እንደሚቀመጥ ማን ነግሮኝ? እኔ አባባን አያለሁ፤ አባባ መንገዱን ያያሉ፤ የእሳቸው ቀኝ ለእኔ ግራ ነው። ይኼ ሳያንስ ትእዛዝ የሚሰጡት በጣሊያንኛ ሆነ።

"ዴስትራ! ሲኒስትራ! ሲኒስትራ አልሁሽ!"

"አባባ፣ በአማርኛ ይንገሩኝ!"

"ባሕር ላይ አማርኛ አልተማርሁም!"

ባለንበት ዞርን። ደግመን ዞርን። "ይቺ መርከብ ጨፋሪ ናት" አሉ አባባ። የነጓደኛዬ ጀልባ ደግሞ እንደ ጥይት ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ብቻ የምትሄደው ልጆቹን ይዞ ወደሚዝናና አንድ አባወራ ነው። አከራዬ በእንግሊዝኛ ያዛል፣ ጓደኛዬ በትግርኛ "ኣንታ ሰብኣይ!"፣ አንተ ሰውዬ፣ እያለች ትጮህበታለች፣ የአባወራው ልጆች ያጨበጭባሉ።

እንደምንም ወደ ደሴቷ ስንቀርብ አከራዬ የደበቀውን አወጣ። የሳምንት ደረቅ ዳቦ፣ በከረጢት። "ተኩስ!" ብሎ ራሱን አዘዘና ወረወረ። የመጀመሪያዋ ቁራሽ ከፊታችን ወደቀች፤ ሁለተኛዋ የአባባን ባርኔጣ አገኘቻት። ጉዳቱ ከዳቦው አልነበረም። ከኩሬው አራት ማዕዘን ያሉ ዳክዬዎች በሙሉ ዳቦ አዩና መጥተው ከበቡን። መቅዘፊያዬን ባነሣ ዳክዬ፣ ባወርድ ዳክዬ።

አባባ ከባርኔጣቸው ላይ ቁራሿን አንሥተው አነጣጠሩና መልሰው ወረወሩ። የአከራዬን ደረት መታችው። "ተመታ!" ብለው ጮኹ። "ልጄ፣ ሰጥሟል በይው!"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአማርኛ፣ "ቀስ ብለሽ ከደሴቷ ጀርባ አስገቢን" አሉኝ።

ዳክዬዎቹን አባብዬ፣ ረዣዥም ቅጠሎች ውኃ ከሚነኩበት ጥላ ሥር ገባን። ጸጥ አልን። ከወዲያ በኩል የመቅዘፊያ ድምፅ፣ የጓደኛዬ ንጭንጭ፣ ከዚያ የአከራዬ ጩኸት ተሰማ፤ "ያውልሽ! ከቅጠሉ መሐል ናቸው! ተኩስ!" ዳቦው እየተወነጨፈ ደሴቷን ይመታት ጀመር፤ አፈሩን፣ ዛፉን፣ ወፉን።

አባባ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ትንፋሻቸው እስኪቆራረጥ ስቀው ስቀው፣ "ልጄ፣ ደግሞ ተኮሰባት!" አሉኝ።

ይኼኔ ነው ዝይዋ የመጣችው። ዳቦ ጎጆዋ ላይ የዘነበባት እናት ዝይ፣ አንገቷን እንደ እባብ ዘርግታ እየተነፋች ወደ ጀልባችን መጣች። እኔ ከዶሮ በላይ ወፍ ተጋፍጬ አላውቅም። ብድግ አልሁ። ጀልባዋ ከዳችኝ። ውኃው ውስጥ ገባሁ።

ቀዝቃዛ ነበር፤ ጭቃ ጭቃ ይላል፤ ጥልቀቱ ግን ወገቤ ድረስ ነው። ይኼን ግን ቆሜ እስካረጋግጥ ድረስ በሦስት ቋንቋ ጮኼያለሁ። አከራዬ "ሰው ባሕር ገባ!" ብሎ ውጊያውን አቋረጠ። ጓደኛዬ በሳቅ ብዛት አንዱን መቅዘፊያ ጥላ፣ በቀረው ባለችበት እየዞረች ደረሰች። አባባ የጃንጥላቸውን እጀታ ሰደዱልኝና ኮቴን ያዙ፤ አከራዬም በሌላ በኩል ክንዴን ያዘ። አንዱ ወደ ራሱ ይስባል፤ ሌላው ወደ ራሱ። በዐረብኛ ይጨቃጨቃሉ።

"ምንድነው የሚሉት?" አልኋት ጓደኛዬን።

"አባባ ቀዛፊዬ ናት ይላሉ። ያንቺው ምርኮኛዬ ናት ይላል።"

ባለ ፊሽካው ሰውዬ ዳር ሆኖ ሳንባው እስኪወጣ ይነፋል። በሕይወታችን ዘመን ሁሉ ዳግመኛ ጀልባ እንዳንጠይቅ ነግሮ ሸኘን። አባባ "ምን አለ?" አሉኝ። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ "ማን አሸነፈ ይላል" አልኋቸው።

ቤት ስንደርስ አከራዬ ከቁም ሣጥኑ ወፍራም የባሕረኛ ሹራብ አውጥቶ አለበሰኝ፤ የጉልበቴን ግማሽ ይሸፍናል። ሾርባ አሞቀ። አባባም ኮታቸውን አውልቀው፣ ሳይጋበዙ፣ ሽንኩርት ይከትፉለት ገቡ። ሰናፍጩ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው፤ ማንም አላወረደውም። ሾርባው ሲጋመስ አከራዬ በዐረብኛ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ድምፁ የስድብ አይደለም። ጓደኛዬ በሹክሹክታ ትነግረኛለች።

"መርከብህስ ምን ሆነች? ነው የሚለው።"

አባባ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ተናገሩ። እንግሊዞች ምጽዋ ሲቃረቡ፣ ካፒቴኑ ባሕረኞቹን ወደ ወደቡ አወረዳቸውና ራሱ ተመልሶ የመርከቧን ሆድ ለውኃ ከፈተው። ጠላት እንዳይወስዳት። አባባ ወደቡ ላይ ቆመው አዩዋት። ስትሰጥም አልጮኸችም፤ እንደ ደከማት ከብት ጎኗን ሰጥታ ጋደም አለች። አዲስ የተገዛ ጫማቸው ውስጧ ቀርቷል። ለብዙ ጊዜ የጭስ ማውጫዋ ጫፍ ከውኃው በላይ ይታይ ነበርና፣ ሥራ ሲሄዱ "እንዴት አደርሽ" ይሏት ነበር።

አከራዬም የእሱን ነገረ። ጦርነቱ ሲያበቃ መድፏን ፈትተው፣ ግራጫውን ፍቀው፣ መልሰው ነጭ ቀቧት፤ መልሰው ጨው አሻጋሪ አስባረሯት፤ ስታረጅም ለብረት ሸጧት። ሲጎትቷት ቆቡን አውልቆ ቆሟል። ሌላ ያወለቀ ሰው አልነበረም።

ሾርባው ቀዘቀዘ። አከራዬ ማንኪያውን እያገላበጠ፣ "እንግዲህ ደሴት ነበረች" አለ።

አባባ ጢማቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ቀስ ብለው መለሱለት፤ አከራዬ መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ።

"ምን አሉት?" አልኋት።

"ሦስቱም ጥይት አግኝቷታል አሉት። ድፍን የኤደን ጦር ውስጥ እንደ አንተ ያለ ተኳሽ አልነበረም፤ ያጣኸው መርከብ ብቻ ነው።"

በዚያው ማለዳ በዚያችው ደሴት ጀርባ በእርግጥ ነበሩ ወይ? ጓደኛዬን ጠይቄያታለሁ። "አባቴ አይዋሹም፤ ያሳምራሉ እንጂ" ነው ያለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ የእነሱ ሆነ። አባባ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ይመጣሉ፤ ደወሉ ይደወላል፤ ከዚያ በዚያ የወደብ ዐረብኛቸው ዓለምን ሲረግሙ ይውላሉ። አስተርጓሚ የሚፈልግ የለም። እኔና ጓደኛዬ ሥራ ፈታን።

እና ምን አደረግን? ፀጉራችንን በሻሽ ሸፍነን፣ የፀሐይ መነጽር አድርገን፣ ሌላ ሰው መስለን ወደ ኩሬው ተመለስን። ባለ ፊሽካው አላወቀንም፤ ወይም እንዳላወቀን ሆነ። ቀስ በቀስ ቀዘፋ ለመድን። ሁለታችን መሐል አገር የሚባል ነገር ነበር፤ እስከዚያ ቀን አንሥተነው አናውቅም፤ ሳንነጋገር የተስማማንበት ዝምታ ነበር። ውኃው መሐል ግን የሚሰማ ጆሮ የለም። አንድ ቀን መቅዘፊያዋን አሳርፋ፣ ታናሽ ወንድሟ በረሃ እንደገባ ነገረችኝ። እኔም የእኔ ወንድም ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን እንደተላከ ነገርኋት። ወዲያ ወዲህ ብለን አልተከራከርንም። የሁለቱን ቁመት፣ የሁለቱን ቅብጠት፣ ልጅ ሆነው የሚፈሩትን ነገር አወራን። የእሷ ወንድም ድመት ይፈራ ነበር አሉ። የእኔው መብረቅ። ጀልባዋ ወደፈለገችው ትሄዳለች፤ እኛም ትሂድ አልን።

ከዳር ባለ ፊሽካው ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ የጀልባችንን ቁጥር ይጣራል፤ ጊዜያችሁ አልቋል፣ ተመለሱ ይላል። ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረችና፣

"እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"አንድም ቃል" አልኋት።

መቅዘፊያችንን አነሣንና ወደ ወዲያኛው ዳር ቀዘፍን።